የውድድር ጥያቄ ሶሉሽኑን ሳየው ይገባኛል፣ ብቻዬን ስሆን ግን መጀመር ያቅተኛል፣ ምን ላርግ?

ቀሪ_ዜሮ፦

ሰላም እንዴት ናችሁ። 11ኛ ክፍል ነኝ፣ የሒሳብ ውድድር ላይ ለመሳተፍ እየተዘጋጀሁ ነው። ክፍል ውስጥ ማት ላይ ምንም ችግር የለብኝም፣ የመማሪያ መጽሐፉን መልመጃ ቁጭ ካልኩ እጨርሰዋለሁ፣ ፈተናም ጥሩ ነው ማመጣው። የድሮ የውድድር ጥያቄዎች ስከፍት ግን በቃ ሌላ ሰው እሆናለሁ፣ ጥያቄው ራሱ ይገባኛል፣ ቃሉም ቁጥሩም ከባድ አይደለም፣ ግን ከየት እንደሚጀመር አላውቅም፣ ወረቀቱን እያየሁ እቀመጣለሁ፣ ከዛ ትዕግስቴ ያልቅና ሶሉሽኑን አየዋለሁ፣ ሳየው ደሞ "እንዴ ይሄ ብቻ ነው እንዴ" እላለሁ፣ እያንዳንዱ ስቴፕ ይገባኛል። ሚቀጥለው ጥያቄ ላይ እንደገና ከዜሮ።

ለምሳሌ ይሄን እዩት፦

ከ1 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች የፈለጋችሁትን 51 ምረጡ። ከመረጣችኋቸው ውስጥ አንዱ ለሌላው ያለ ቀሪ የሚካፈል ሁለት ቁጥሮች የግድ እንደሚኖሩ አረጋግጡ።

ሶሉሽኑ ምን ይላል፣ እያንዳንዱን ቁጥር ኦድ ቁጥር ሲባዛ በ2 ፓወር አድርገህ ጻፈው ይላል። 12 ማለት 3×4 ነው፣ 40 ማለት 5×8 ነው፣ 7 ደሞ ያው 7×1። ከ1 እስከ 100 ያሉት ኦዶች 50 ብቻ ናቸው፣ እኛ የመረጥነው 51 ነው፣ ስለዚህ በፒጂንሆል (ዕቃው ከሳጥኑ ከበዛ የግድ አንዱ ሳጥን ውስጥ ሁለት ይገባል በሚለው ሐሳብ) ቢያንስ ሁለቱ አንድ ዓይነት ኦድ ይኖራቸዋል፣ የሚለያዩት በ2 ፓወሩ ብቻ ስለሆነ ትልቁ ለትንሹ ይካፈላል። አለቀ። አራት መስመር።

ገብቶኛል። ግን "ኦድ ሲባዛ በ2 ፓወር" የሚለውን ማን ነገረው? ጥያቄው ላይ ስለ ኦድ አንድም ቃል የለም፣ ስለ 2ም የለም። ይሄ ሐሳብ እንዴት ነው ለሰው የሚመጣለት? ወይስ የተፈጥሮ ጉዳይ ነው፣ ያለው አለው የሌለው የለውም? ደሞ አንድ ጥያቄ ላይ ሶሉሽን ሳላይ ምን ያህል ነው መቆየት ያለብኝ? እህታችሁን እርዷት።


ፓሪቲ፦

የተፈጥሮ ጉዳይ የሚለውን ለጊዜው ተይው እህቴ። መጀመሪያ ማወቅ ያለብሽ ሶሉሽን የሚጻፈው ጥያቄው ከተፈታ በኋላ ነው፣ የተሰረዘው ወረቀት አብሮ አይታተምም። አንቺ እያየሽ ያለሽው መጨረሻውን ብቻ ነው ከዛ "ይሄ እንዴት መጣለት" ትያለሽ፣ እሱም እኮ ዝም ብሎ አልመጣለትም።

ነይ የተሰረዘውን ወረቀት አብረን እንሥራው። 100ውን ተይውና 10 አድርጊው። ከ1 እስከ 10፣ 6 ቁጥር መምረጥ። አሁን ለማረጋገጥ ሳይሆን ለማፍረስ ሞክሪ፣ ማለትም አንዱ ለሌላው የማይካፈል ስንት ቁጥር መሰብሰብ ትችያለሽ?

1ን ከመረጥሽ ሁሉም ለ1 ስለሚካፈል ወዲያው አለቀልሽ፣ 1 ይውጣ። ትንንሾቹ ናቸው ጣጣ የሚያመጡት፣ ስለዚህ ከላይ እንሰብስብ፦ 6፣ 7፣ 8፣ 9፣ 10። አምስት ሆኑ፣ አንዱም ለአንዱ አይካፈልም። ስድስተኛ እንጨምር ካልሽ 5ን ስታስገቢ ከ10 ጋር ትጋጫለች፣ 4ን ስታስገቢ ከ8 ጋር፣ 3 ከ6ም ከ9ም ጋር፣ 2 ጭራሽ ከሦስቱ ጋር። እሺ መጨመር ካልተቻለ እንቀይር። 10ን አውጥተሽ 5ን አስገቢ፣ 5፣ 6፣ 7፣ 8፣ 9 ይሠራል። 8ን አውጥተሽ 4ን አስገቢ፣ 4፣ 6፣ 7፣ 9፣ 10 ይሠራል።

እዚህ ጋ ቆም በይ። 10 ሲነሳ 5 ተቀመጠ፣ 8 ሲነሳ 4 ተቀመጠ። ወንበር እየተቀያየሩ ነው ማለት ነው። 5 እና 10 አንድ ወንበር ነው ያላቸው፣ 4 እና 8 አንድ ወንበር፣ እዛው ላይ 2 እና 1ም ተደርበዋል። 3 እና 6 አንድ ወንበር። 7 ብቻዋን፣ 9 ብቻዋን። ቁጠሪያቸው፣ አምስት ወንበር። አንድ ወንበር ላይ ሁለት ቁጥር ከተቀመጠ አንዱ ለሌላው ይካፈላል። 6 ቁጥር ለ5 ወንበር፣ ጨረስሽ።

አሁን ወንበሮቹን እያቸው፦ 1፣2፣4፣8 ከዛ 3፣6 ከዛ 5፣10 ከዛ 7 ከዛ 9። እጥፍ እጥፍ እያለ ነው የሚሄደው፣ የሁሉም መጀመሪያ ኦድ ነው፣ ኦድ ካልሆነማ ግማሹ ከፊቱ ይቀመጥ ነበር። ይኸው "ኦድ ሲባዛ በ2 ፓወር" ያልሽው ነገር በእጅሽ መጣ፣ ማንም አልነገረሽም። በነገራችን ላይ ለ10 ብቻ ከሆነ 3ን ከ9 ጋር አስቀምጠሽ 6ን ብቻዋን ብትተያትም አምስት ወንበር ይወጣል፣ ማለቴ አደላደሉ አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ግን 100 ላይ ስትደርሺ በዘፈቀደ መደልደል አይቻልም፣ ሕግ ያለው አደላደል ነው የሚያስፈልገው፣ እጥፉ ደሞ ሕግ አለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥያቄው ለምን 51 አለ? 50 ቢል ኖሮ ከ51 እስከ 100 ያሉትን በሙሉ ትመርጪና ይፈርሳል፣ ምክንያቱም የ51 እጥፍ እንኳን 102 ነው። ስለዚህ 51 ማለት 50 ሲደመር አንድ ነው፣ ጥያቄው ራሱ "50 ወንበር ፈልጉ" እያለሽ ነው። የውድድር ጥያቄ ላይ ቁጥር እንዲሁ አይቀመጥም፣ እያንዳንዷ ቁጥር ለምን እዛ እንዳለች ጠይቂ።


ሉፕ፦

ፎርሙላዎቹ በሙሉ ያሉበት ፒዲኤፍ ያለው ሰው ካለ እዚህ ጣል ያርግልን ፕሊስ


ፓሪቲ፦

@ሉፕ ከላይ ያለው ጥያቄ የትኛውን ፎርሙላ ነው የሚፈልገው? ማካፈልና መቁጠር ብቻ እኮ ነው።


ሉፕ፦

አይ ለጂኦሜትሪው ነው ባክህ


ሰዓት_አልቋል፦

ፓሪቲ ያለው አሪፍ ነው ግን ውድድር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም እኮ። ፕሩፍ የሚያስጽፍ አለ፣ ምርጫ የሚያስከብብ አለ፣ መልሱን ቁጥር ብቻ አድርገሽ የምታስገቢበት አለ። ዝግጅቱም ይለያያል። አሜሪካኖቹ ኤኤምሲ 12 የሚሉትን የምርጫ ውድድር ውሰጂ፣ 25 ጥያቄ በ75 ደቂቃ ነው፣ ሦስት ሦስት ደቂቃ ማለት ነው፣ እዛ ላይ 10ን ወስደሽ ወንበር ስትደለድይ ሰዓቱ ያልቃል። እንደዛ ዓይነቱ ላይ እጅ የለመደው ነገር ነው የሚያድንሽ። 7 ፓወር 2026 የመጨረሻ ዲጂቱ ስንት ነው ሲሉሽ 7፣ 9፣ 3፣ 1 እያለ በአራት እንደሚዞር፣ 2026 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 2 እንደሆነ፣ መልሱ 9 እንደሆነ በግማሽ ደቂቃ መውጣት አለበት። 100 ፋክቶሪያል (ከ1 እስከ 100 ያሉት በሙሉ ሲባዙ) መጨረሻ ላይ ስንት ዜሮ አለው ሲሉሽ 5ቶችን መቁጠር፣ ዜሮ የሚመጣው 5 ከ2 ጋር ሲባዛ ነው፣ 2 ደሞ ሞልቷል፣ 20 የ5 ብዜት አለ፣ ከነሱ ውስጥ አራቱ የ25 ብዜት ስለሆኑ አንድ አንድ 5 ይጨምራሉ፣ 24። እነዚህ አንዴ ገብተውሽ ከዛ እስኪሰለቹሽ መሥራት ነው።

ደሞ የነጥብ አሰጣጡን ሳታነቢ እንዳትገቢ። ኤኤምሲ 12 ላይ ትክክል 6 ነጥብ፣ ባዶ የተተወ 1.5፣ ስህተት 0 ነው። አምስት ምርጫ አለው፣ ዝም ብለሽ ብትገምቺ በአማካይ 6 ሲካፈል ለ5 ማለትም 1.2 ታገኛለሽ፣ ባዶ መተው ይሻላል። አንዱን ምርጫ ከጣልሽ 6 ለ4፣ 1.5፣ እኩል። ሁለቱን ከጣልሽ 2 ይሆናል ያኔ ገምቺ። ይሄ ራሱ ሒሳብ ነው፣ ብዙ ጎበዝ ልጅ ግን ይሄን ሳያስብ ነው የሚገባው።


ቀሪ_ዜሮ፦

ሁላችሁንም በጣም አመሰግናለሁ። ፓሪቲ ያልከውን እኔ ራሴ ለ12 ሠራሁት፣ 1፣2፣4፣8 ከዛ 3፣6፣12 ከዛ 5፣10 ከዛ 7፣ 9፣ 11፣ ስድስት ወንበር። እውነቴን ነው የሚገርም ነው፣ ሶሉሽኑን ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ ግን እንዲህ አልታየኝም ነበር።

የኔ ፕሩፍ የሚያስጽፍ ነው፣ መጀመሪያ ዙሩ ግን መልስ ብቻ ነው፣ ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልገኛል። አንድ ሌላ ልጠይቅ ካልሰለቻችሁ። ይሄ ነው፦ 1/ሀ + 1/ለ = 1/6 ሀ እና ለ ፖዘቲቭ ሙሉ ቁጥሮች ናቸው፣ ስንት መልስ አለው? እኔ በማባዛት 6ሀ + 6ለ = ሀለ ድረስ ደረስኩና ቆምኩ። ሶሉሽኑ "ሁለቱም ጎን ላይ 36 ደምር" ይላል ከዛ ሁሉም ነገር ይፈታል። 36 ከየት መጣ? ያው እንደገና አስማት ሆነብኝ።


የማት_ክለብ_መምህር፦

ልጄ፣ አስማቱን አንቺ ከዚህ በፊት ሠርተሽዋል፣ ስሙ ሌላ ስለሆነ ነው ያላወቅሽው። 6ሀ + 6ለ = ሀለ ያልሽውን ሁሉንም ወደ አንድ ጎን ውሰጂው፦ ሀለ − 6ሀ − 6ለ = 0። አሁን አትደምሪም አትቀንሺም፣ እይው ብቻ። ሀለ አለ፣ 6ሀ አለ፣ 6ለ አለ። (ሀ−6) ሲባዛ (ለ−6) ብትዘረጊው ምን ይወጣል? ሀለ − 6ሀ − 6ለ + 36። አራት ቁራጭ ነው፣ ሦስቱ እጅሽ ላይ አሉ፣ አንዱ ጎድሏል። የጎደለውን ሁለቱም ጎን ላይ ጨመርሽ፦ (ሀ−6)(ለ−6) = 36። ክፍል ውስጥ ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር ስትማሪ ሀ² − 6ሀ ሲሰጥሽ 9 ትጨምሪ የለ? እሱው ነው፣ እዛ አንድ ፊደል ነበር እዚህ ሁለት ሆኑ።

ከዚህ በኋላ የ36 አካፋዮች ጉዳይ ነው፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 6፣ 9፣ 12፣ 18፣ 36፣ ዘጠኝ ናቸው። ሀ−6 ሲሆን 1፣ ለ−6 36 ይሆናል፣ ሀ 7፣ ለ 42። እንዲህ እያልሽ 8 እና 24፣ 9 እና 18፣ 10 እና 15፣ 12 እና 12፣ ከዛ የተገላቢጦሹ። ዘጠኝ መልስ፣ ቅደም ተከተል ካልቆጠርሽ አምስት።

እዚህ ላይ ግን ክለብ ውስጥ ካሉት ልጆች አብዛኞቹ ነጥብ የሚጥሉበት ቦታ አለ። 36 ማለት −4 ሲባዛ −9ም እኮ ነው። ኔጋቲቮቹን ለምን ተውሻቸው? "ፖዘቲቭ ስለተባለ" ብለሽ ብትጽፊ አይበቃም፣ ፖዘቲቭ የተባለው ሀ ነው እንጂ ሀ−6 አይደለም። ሀ ቢያንስ 1 ከሆነ ሀ−6 ከ−5 አያንስም፣ ለ−6ም እንደዛው፣ ሁለቱም ኔጋቲቭ ቢሆኑ ብዜታቸው ቢበዛ 25 ነው፣ 36 አይደርስም። ይችን አንድ መስመር ጽፎ የሚያልፍ ልጅ ሙሉ ይወስዳል፣ የዘለላት ይቆረጥበታል፣ መልሱ ግን የሁለቱም ዘጠኝ ነው።

መልስ ማግኘትና ማረጋገጥ የተለያዩ መሆናቸውን ብዙ ልጅ የሚያውቀው ውጤቱ ሲመጣ ነው። ኢንተርናሽናል የሒሳብ ኦሊምፒያዱ ላይ ስድስት ጥያቄ በሁለት ቀን ነው፣ በቀን አራት ሰዓት ተኩል፣ እያንዳንዱ ጥያቄ 7 ነጥብ፣ ድምሩ 42። ሰባት ነጥብ የሆነው መልሱ ሰባት ስለሆነ አይደለም፣ መንገዱ ስለሚታረም ነው። ተማሪ "ለ1፣ ለ2፣ ለ3 ሞከርኩት ሠራ ስለዚህ ሁልጊዜ ይሠራል" ብሎ ሲጽፍ ይቺን እሰጠዋለሁ፦ ነ² + ነ + 41። በ"ነ" ቦታ ከ0 ጀምረሽ ቁጥር አንድ በአንድ አስገቢ፣ 41፣ 43፣ 47፣ 53 እያለ ብቸኛ ቁጥር (ፕራይም) ብቻ ይሰጥሻል፣ 39 ድረስ እንደዛው ነው። 40 ላይ 40×40 + 40 + 41 ማለት 40×41 + 41 ነው፣ 41×41። ፈረሰ። አርባ ጊዜ ሠርቶ አርባ አንደኛው ላይ። ስለዚህ ምሳሌ መንገድ ለማግኘት ጥሩ ነው፣ ፓሪቲ እንዳሳየሽ፣ ወረቀቱ ላይ ግን ማረጋገጫ ሆኖ አይቆምም።

ለልምምድ የመጀመሪያውን ኦሊምፒያድ የመጀመሪያ ጥያቄ ሥሪ፣ 1959 ነው፣ ሩማንያ። (21ነ + 4)/(14ነ + 3) የሚለው ክፍልፋይ ነ ማንኛውም የተፈጥሮ ቁጥር ሲሆን ከዚህ በላይ ሊቃለል እንደማይችል አረጋግጪ። ሁለት መስመር ነው የሚፈጀው። ላዕሉንና ታህቱን የሚያካፍል ቁጥር ካለ የሁለቱን ብዜቶች ልዩነትም ያካፍላል፣ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ስንት ሰዓት ልቆይ ላልሽው፣ ማረጋገጫ የሚጠይቅ ከሆነ ቢያንስ አንድ ሰዓት፣ ካልተፈታልሽ አሳድሪው። ሶሉሽን ካየሽ ደግሞ ዝጊውና ከቀናት በኋላ ባዶ ወረቀት ላይ እንደገና ጻፊው። መጻፍ ካልቻልሽ አልገባሽም፣ አንብበሽዋል እንጂ። ደብተርሽ ላይም ሶሉሽኑን አትገልብጪ፣ "ጥያቄው ውስጥ የቱ ነገር ነው ወደዚህ መንገድ ሊጠቁመኝ የሚገባው የነበረ" የሚለውን አንድ መስመር ጻፊ። ለመጀመሪያው ጥያቄሽ ለምሳሌ "51 = 50 + 1"። ለሁለተኛው "የሁለት ፊደል ብዜትና ሁለቱ ለየብቻ አንድ ላይ ካሉ ወደ ቅንፍ"። እንዲህ ዓይነት ሃምሳ መስመር ያለው ደብተር ከአምስት መቶ የተገለበጠ ሶሉሽን ይበልጣል።


ሰዓት_አልቋል፦

ቲቸር ከይቅርታ ጋር አንድ ሰዓት የሚሉት ላይ አልስማማም። ትምህርት ያለበት ልጅ፣ የቤት ሥራ ያለበት ልጅ፣ አንድ ሰዓት ምንም ሳይጽፍ ቢቀመጥ ተስፋ ቆርጦ ነው የሚነሳው። እኔ 20 ደቂቃ ነው የምለው፣ ከዛ ሶሉሽኑን በወረቀት ሸፍኖ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ ማየት፣ ከዛ መሸፈንና መቀጠል፣ ካልሆነ ሁለተኛውን መስመር። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው አንድ መስመር ነው፣ ለአንድ መስመር ብሎ ሙሉ ቀን ማቃጠል ምን ይሠራል።


የማት_ክለብ_መምህር፦

ወረቀት መሸፈኑ ጥሩ ነው፣ እኔም ተማሪዎቼን አስደርጋቸዋለሁ። ግን "ምንም ሳይጽፍ" ያልከው ነው ችግሩ፣ ሰዓቱ አይደለም። ምንም ሳይጽፍ የተቀመጠ ልጅ 20 ደቂቃም በዝቶበታል። ትንሽ ቁጥር እየሞከረ፣ እያፈረሰ፣ ሥዕል እየሣለ ያለ ልጅ ግን አንድ ሰዓቱን አያውቀውም። እጁ እየሠራ ከሆነ ተወው ይቀጥል፣ እጁ ከቆመ ያኔ አንድ መስመር አሳየው።


ፓሪቲ፦

ቲቸር ያሉት ልክ ነው፣ የሰዓት ጉዳይ ላይ እኔ መሃል ነኝ። ቀሪ_ዜሮ፣ ያችኑ ጥያቄ ትንሽ ልቀይርልሽና ሶሉሽን የሌለው ነገር ላይ ሞክሪ፣ ማለቴ ሶሉሽኑን የማታይበት። ከ1 እስከ 100፣ 51 ቁጥር ምረጪ። ከተመረጡት ውስጥ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ሁለት ቁጥሮች የግድ እንዳሉ አረጋግጪ። ይቺን ጥያቄ ኤርዶሽ፣ የሃንጋሪው የሒሳብ ሊቅ፣ ፖሳ ለሚባል 12 ዓመት እንኳን ላልሞላው ልጅ ጠይቆት ልጁ እዛው ምግብ እየበላ በአንድ ቃል መለሰለት ይባላል። ቃሉን አልነግርሽም። ፖሳ በኋላ እሱም የሒሳብ ሰው ሆኗል።


ሉፕ፦

12 ዓመት?? በቃ እኔ ማቱን ተውኩት 😂


ቀሪ_ዜሮ፦

ሠራሁት!! መጀመሪያ ብቸኛ ቁጥሮችን እየለየሁ ወንበር ለመደልደል ሞክሬ ነበር፣ የ2 ብዜቶች እዚህ፣ የ3 እዛ እያልኩ፣ በጣም ተወሳሰበ፣ ደሞ ስታስቡት አንድ ወንበር ላይ መሆን ያለባቸው የጋራ አካፋይ የሌላቸው ናቸው እንጂ ያላቸው አይደሉም፣ በተቃራኒው እየሄድኩ ነበር። ከዛ ፓሪቲ እንዳለው ቁጥሩን ጠየቅኩት፣ 51 ለምን? 50 ቢሆን እንዴት ነው የሚፈርሰው? ኢቨኖቹን በሙሉ ብመርጥ፣ 2፣ 4፣ 6 እያለ እስከ 100፣ 50 ናቸው፣ ሁሉም ለ2 ይካፈላሉ፣ ስለዚህ ይፈርሳል። አሁን አንድ ኦድ ልጨምር ብል ከጎኑ ኢቨን አለ። ከጎኑ! ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቁጥሮች ልዩነታቸው 1 ነው፣ ሁለቱንም የሚያካፍል ካለ 1ንም ማካፈል አለበት፣ ስለዚህ ከ1 ሌላ የጋራ አካፋይ የላቸውም። ወንበሮቹ (1፣2)፣ (3፣4)፣ (5፣6) እያለ እስከ (99፣100)፣ 50 ወንበር፣ 51 ቁጥር። ቃሉ "ጎረቤት" ነው አይደል?

ቲቸር የ1959ኙንም አየሁት፣ በልዩነት እንዳሉኝ ሄድኩና ላዕሉን በ2፣ ታህቱን በ3 ሳባዛ 42ነ + 8 እና 42ነ + 9 ሆነ፣ "ነ" ራሱ ጠፋ፣ ልዩነቱ 1 ቀረ። እነሱም ጎረቤት ሆኑ! ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው የገረመኝ። በጣም ነው ማመሰግንዎት። የኔጋቲቯን መስመርም ደብተሬ ላይ በቀይ ጽፌያታለሁ።


የማት_ክለብ_መምህር፦

ጎበዝ። ያየሽውን አንድ ዓይነትነት ደብተርሽ ላይ ጻፊው፣ የኔን መስመር ሳይሆን የራስሽን።


ፓሪቲ፦

አዎ "ጎረቤት" ነው። በይ የመጨረሻ፣ ከዚህ በኋላ እኔም ሥራ አለብኝ። ያው 51 ቁጥር ከ1 እስከ 100። አንደኛ፣ ልዩነታቸው ልክ 10 የሆነ ሁለት ቁጥር የግድ ይኖራል? ሁለተኛ፣ ልዩነታቸው ልክ 11 የሆነስ? አንዱ እውነት ነው አንዱ ውሸት። እውነቱን አረጋግጪ፣ ውሸቱን በምሳሌ አፍርሺ። ሌሎቻችሁ መልሱን እዚህ እንዳትጽፉባት።


ሰዓት_አልቋል፦

20 ደቂቃ 😁


ቀሪ_ዜሮ፦

ውሸቱ 11 ነው። ከ1 እስከ 11 ወሰድኩ፣ ከዛ ቀጣዮቹን 11 ዘለልኩ፣ ከ23 እስከ 33 ወሰድኩ፣ ከዛ ከ45 እስከ 55፣ ከ67 እስከ 77፣ ከ89 እስከ 99። አንድ ጥቅል ውስጥ ትልቁ ልዩነት 10 ነው፣ ከአንዱ ጥቅል ወደ ሌላው ደሞ ትንሹ 12 ነው፣ 11 የትም የለም። እንደውም 51 ሳይሆን 55 ቁጥር ነው የሰበሰብኩት።

የ10ሩ ጥያቄ ላይ ጥንዶቹን 1 ከ11፣ 2 ከ12 እያልኩ እስከ 10 ከ20 ደርሻለሁ፣ እጄ አልቆመም፣ ማንም እንዳይነግረኝ።